«ከሱ በፊት ምንም አልነበርኩም» ላልሽኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስለምትከታተዪው የስብዕና አሰልጣኝ በስልክ ስታወሪኝ «ከሱ በፊት ምንም አልነበርኩም» አልሽኝ። እንቅልፍ ነሳኝ።

ሰውየው አታላይ ነው አልልሽም። እንዲህ ያለ ሰው የሚይዘን ስለ እኛ በሚነግረን ነገር ነው። ራሳችንን የምናይበትን ዓይን ይለውጠዋል።

እዚህ ጎንደር ፒያሳ ሐውልቱ የቆመለትን አፄ ቴዎድሮስን አስቢው። ካሳ ቋራ በረሃ ሳለ እሱም ተከታዮቹም ለመኳንንቱ ሽፍቶች ነበሩ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብሎ ተሰድቧል። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ አቡነ ሰላማ ሲቀቡት ቴዎድሮስ ተባለ። ይነግሣል ተብሎ ትንቢት የተነገረለት ንጉሥ ስም ነው። በዚያች ቀን የተለወጠው እሱ ብቻ አይደለም። ትናንት ሽፍታ የተባለው ጭፍራ ትንቢት የሚፈጽም ሠራዊት ሆነ። በመሳፍንት ተከፋፍላ የኖረች አገር አንድ ሆና ታየችው። ትልቅ ስጦታ ነው፤ እኔ ዛሬም እኮራበታለሁ።

ግን የዚሁ ንጉሥ ሠራዊት በ1859 ዓ.ም. በትእዛዙ ጎንደርን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። ከወታደሮቹ መሃል በጎንደር ታቦት ሲምል የኖረ አይጠፋም። እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ማንነቱን በሙሉ ከአንድ ሰው የተቀበለ፣ ያ ሰው ሲሳሳት በምን አቅሙ እምቢ ይላል? ብዙዎች ከድተውት ሄዱ። የጦር አለቃው ፊታውራሪ ገብርዬ እስከ መጨረሻው ጸንቶ፣ መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሱን ሲያጠፋ አጠገቡ የቀሩት ጥቂት ነበሩ።

ጀርመናዊው ምሁር ማክስ ዌበር የእንዲህ ያለ መሪ ሥልጣን የሚጸናው ተከታዮቹ እስካመኑበት ድረስ ነው ይላል። እና ልጄ፣ በሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ የተሰማሽ ጉልበት ካንቺም የወጣ ነው።

ደግሞስ ምንም አልነበርሽም? ታናሽሽን ሒሳብ አስጠንተሽ ለፈተና ያበቃሽው አንቺ ነሽ። አያትሽ ሲታመሙ ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ ስታስታምሚ ማን አሰልጥኖሽ ነበር?

ሥልጠናውን ተዪው አላልኩም። አንድ ነገር ግን እይልኝ። ሰው ሲጠይቀው ምን ያደርጋል? ጠያቂውን በሰው ፊት የሚያሳፍር ከሆነ፣ ከድሮ ጓደኞቻችሁ ራቁ የሚል ከሆነ፣ ሳትደብቂ ንገሪኝ። የሚቀጥለውን ክፍያ ከመክፈልሽ በፊትም ደውዪልኝ። አልቆጣም።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሻለች፤ ሰው ስናገኝ እንልካለን።

አባትሽ፣ ከጎንደር