ሰማዩን አታፍኩብን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ድሮ ፎቶዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ የአሜሪካዊውን ፎቶ አንሺ የአንሴል አዳምስን «የጨረቃ መውጣት፣ ሄርናንዴዝ» አይቼ ደስ ሊለኝ ሲል ተናደድኩ። ሰማዩ ግራጫ ሆኗል። ይገባኛል፤ ጋዜጣ ላይ ጥቁር ሲበዛ ቀለሙ ይጨማለቃል፣ እጅ ያቆሽሻል፣ እና አንዱ ልጅ ኮምፒውተር ላይ አፈካ አድርጎታል። ግን የዚያ ፎቶ ነገሩ ሁሉ ያለው ጥቁሩ ሰማይ ላይ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1941 መኸር፣ አመሻሽ ላይ፣ አዳምስ በኒው ሜክሲኮ ወደ ሳንታ ፌ ከተማ ሲነዳ የሄርናንዴዝን መንደር ያያል። ጨረቃ ወጥታለች፤ ፀሐይ ደግሞ ከጀርባው ልትጠልቅ ነው፣ የመጨረሻው ጨረር የመቃብሩ ነጫጭ መስቀሎች ላይ አርፏል። መኪናውን ጥግ አስይዞ ያንን ግዙፍ ካሜራ እየተጣደፈ ተከለ። የብርሃን መለኪያው ግን የለም! ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ደግነቱ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር ከዚያ ተነስቶ አሰላና አነሳ። ለመጠባበቂያ ሊደግም ሲል ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ። አንድ ነጋቲቭ (ፎቶው የሚታተምበት ፊልም)፣ በቃ።

ያ ነጋቲቭ እንዳለ ሲታተም ሰማዩ ገርጣ ያለ፣ ደመና የተበተነበት ነው። የጠቆረው ፎቶ በሚታተምበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። እኔም በወጣትነቴ ፎቶ ቤት ስሠራ መሬቱን በካርቶን ጋርጄ ሰማዩን ብቻ ብርሃን አጠግበው ነበር፤ የፎቶ ወረቀት ብርሃን በጠጣ ቁጥር ይጠቁራልና። (አለቃዬ ወረቀት አባከንክ እያሉ ይጮሁብኝ ነበር፣ እሱን ተዉት።) አዳምስም ዓመታት ሲያልፉ ሰማዩን ይበልጥ እያጠቆረው ሄደ። የመጀመሪያዎቹንና የኋለኞቹን እትሞች ጎን ለጎን ብታዩ የተለያየ ቀን የተነሱ ይመስላሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ የመጨረሻዎቹ ትንሽ በዝቶባቸዋል፣ ግን ይሁን፣ የእጁ ሥራ ነው። ያ ጥቁር ከላይ ሲጫን ነው መስቀሎቹ የሚያበሩት፤ ዝቅ ብላ የመጣችው ፀሐይ ቁጥቋጦውንና የጭቃ ቤቶቹን ግድግዳ አንድ በአንድ ስለነካቻቸው ሻካራነታቸው እጅ ላይ የሚሰማ ይመስላል፣ ከዚያ በላይ ግን ዝም ያለ ባዶ ጨለማና አንዲት ጨረቃ ብቻ።

የእናንተው ላይስ? ልጄ ጋዜጣውን አንስታ ጨረቃዋን እያሳየች «አባዬ፣ ይቺ ነጥብ የማተሚያ ቤት ስህተት ናት?» አለችኝ።

እባካችሁ መልሳችሁ አውጡት፣ በጥቁሩ። እጃችንን ካቆሸሸን እንታጠባለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ