የማጅራት ገትር ናሙና ከሰሜን ሸዋ ሳይሞት እንዲደርስ፦ የድጋፍ ጥሪ

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ የምንሠራ የላቦራቶሪና የሕፃናት ሕክምና ባለሙያዎች ከየአካባቢው እድሮች ጋር ለያዝነው ሥራ ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። በማጅራት ገትር የታመመ ሰው ሲገኝ ያመጣበት ባክቴሪያ ዘረመሉ እንዲነበብ፣ የታማሚው ክትባትም አብሮ እንዲመዘገብ እንፈልጋለን።

አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ጫፍ ላይ ናት። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሁሉ በዘመቻ የተሰጠው ክትባት የሚከላከለው ሜኒንጎኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ «ኤ» የተባለውን ዓይነት ብቻ ነው። ሲ፣ ደብሊው፣ ኤክስና ዋይ ከእሱ ውጭ ናቸው። አምስቱንም የሚከላከል ክትባት በ2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትን ማረጋገጫ አግኝቷል። የትኛው ወረዳ ቅድሚያ ያግኝ ሲባል መልስ የሚሰጠው ከዚያው ወረዳ የተነበበ ናሙና ነው።

የማንበቢያ ማሽን ግዙልን አንልም፤ ንባቡ አዲስ አበባ ይሠራል። የሚቸግረው መንገዱ ነው። ሜኒንጎኮከስን ቅዝቃዜ ይገድለዋል፤ ስለዚህ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማብቀል፣ ከጀርባ የተቀዳ ፈሳሽ ፍሪጅ አይገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ውስጥ ያደረ ናሙና ግን ፍሪጅ እንደገባ ይቆጠራል። መፍትሔው ቲአይ የሚባለው ማጓጓዣ ጠርሙስ ነው። ናሙና እስኪገባበት በ4 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ሊሠራበት ሲል ቢያንስ 30 ደቂቃ ወጥቶ ይሞቃል፤ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በመርፌ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ወደ ፍሪጅ አይመለስም። ለአየር የተሰካችው መርፌ ከጉዞ በፊት ትነቀላለች፤ ካልተነቀለች ጠርሙሱ ያፈስሳል፣ ሌላ ተህዋስም ይገባበታል።

የቀረው ፈሳሽ በትንሽ ቱቦ ለፒሲአር፣ የባክቴሪያውን ዘረመል ለሚፈልገው ምርመራ፣ በበረዶ ይሄዳል። አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከተጀመረ ባክቴሪያው በካልቸር ላይበቅል ይችላል፤ ፒሲአር ግን የሞተውንም ያገኘዋል። ናሙና እስኪወሰድ ተብሎ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ የሚዘገይበት ሕመምተኛ ግን መኖር የለበትም።

የክትባቱ ምዝገባም ከዚህ አያንስም። «ልጁ ተከትቧል» የሚል መልስ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታ ነው? ማጅራት ገትር የሚያመጣው የሌላው ባክቴሪያ፣ የኒሞኮከስ ነው? የማጅራት ገትር ዘመቻው ነው? ስንተኛው ዙር? የኒሞኮከስ ክትባት በአገራችን የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ሦስቱንም ዙር የወሰደ ሕፃን በኒሞኮከስ ከታመመ፣ ክትባቱ የማይሸፍነው ዓይነት መሆን አለመሆኑን የሚለየው ካርዱ ከዘረመሉ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው። ካርድ ደግሞ በዝናብና በጭስ ይጠፋል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከጤና ኬላው መዝገብ ቀኑን ያመሳክራሉ፤ ለየቤቱም የፕላስቲክ ካርድ መያዣ እናድላለን።

የሚያስፈልገን 80 የቲአይ ጠርሙስ፣ 200 ባለ 2 ሚሊ ሊትር ቱቦ፣ ቴርሞሜትር ያላቸው 6 ወፍራም የፎም ሣጥኖች፣ 3,000 የካርድ መያዣና የመንገድ ወጪ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ሹፌሮች አንድ ሣጥን ጋቢና ውስጥ ብትይዙልን ከገንዘብ አናሳንሰውም፤ ከኋላ ጭነት ላይ ግን አይሁን።

ገንዘብ በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው ሒሳብ ብቻ፣ በደረሰኝ እንቀበላለን፤ የወጣውም በየወሩ በእድሮቹ ስብሰባ ይነበባል። በሽታው የሚበረታው ከጥር እስከ ግንቦት ስለሆነ ዕቃው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ መግባት አለበት። ጠርሙስ ገዝታችሁ የምትልኩ የአገልግሎት ማብቂያው ከግንቦት በኋላ መሆኑን አይታችሁ፣ በአይስ ፓክ ላኩልን፤ በረዶ የሠራ ጠርሙስ አንጠቀምም።