ለሂሩትዬ፣ ከባሌ መልስ

ሂሩትዬ እንዴት ነሽልኝ? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን በናትሽ! እኔ እሷ ትደውል ስል አንቺም እሷ ትደውል ስትይ መሰለኝ ጊዜው የሄደው፣ እሱን እንተወውና ወሬ ልንገርሽ።

ባሌ ሄጄ ነበር። ቱር ምናምን እንዳይመስልሽ፣ ያ በየቀኑ ሆቴል እየቀየሩ የሚያዞሩሽ ነገር አይመቸኝም፣ ዕረፍቱ መኪና ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሀረና ጫካ መሀል አንድ ሎጅ አለ፣ ሻንጣዬን እዛ አስቀመጥኩ ከዛ ጠዋት ቁርስ በልቶ ከጋይዱ ጋር በእግር መውጣት፣ ማታ ተመልሶ እሳት ዳር መቀመጥ፣ በቃ ይሄው ነው። በረንዳው ላይ ቁጭ ስትይ ፊት ለፊትሽ ተራራ ነው፣ ቡናሽ እስኪቀዘቅዝ አፍጥጠሽ ትቀሪያለሽ።

ጫካ ስልሽ ደግሞ የእንጦጦን ባህር ዛፍ እንዳታስቢ! ትልልቅ ኮሶ፣ ግንዱ ላይ የሽማግሌ ጺም የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎበት፣ ጉም ሲገባበት ደግሞ አስር ሜትር ወደፊት አይታይሽም። ወደ ሪራ በኩል ቀርከሃ አለ፣ የባሌ ጦጣ የምትባለው እዛ ነው ያለችው፣ በዋናነት የቀርከሃ ቅጠል ነው አሉ የምትበላው፣ ከኢትዮጵያ ውጪ ደግሞ የለችም። ወደ ደሎ መና ስትወርጂ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና ታያለሽ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎም አለ፣ ሰዉ እንዴት እዛ ላይ እንደሚወጣ እኔ አልገባኝም።

የሳነቴ አምባ ግን ሌላ ዓለም ነው። በመኪና ነው የወጣነው፣ ጫካው አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይሆንና እሱም ያልቅና ድንገት ሜዳ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ፣ ጅብራ ብቻ ቆሞበት። እዛ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4377 ሜትር ነው፣ ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል፣ እኛ ግን ሜዳው ላይ ወርደን በእግር ሄድን፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሃያ እርምጃ ሄደሽ ታለከልኪያለሽ። ቀይ ቀበሮ አየሁ ሂሩትዬ! የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል፣ ፍልፈሉ ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ ዘሎ... አመለጠው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 እንኳን አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። የሚገድላቸው በዋናነት ከመንደር ውሾች የሚይዛቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ እና የባሌ ተራሮች ፓርክ በፈረንጆቹ 2023 ዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ፌስቡክ ላይ ጨፈርን እንጂ ለውሾቹ ክትባት ማን ይጨነቃል? ተይው፣ ይሄን ካነሳሁ አላቆምም።

ሎጅ ውድ ነው፣ አልደብቅሽም። ጎባ ወይ ሮቤ ማደር ይረክሳል፣ ግን ከአልጋሽ ተነስተሽ ጫካ ውስጥ መግባት የሚባለው ነገር የለም፣ ለኔ ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

አሁን የምጽፍልሽ ለምን መሰለሽ፣ ለገና ትመጫለሽ ሲሉ ሰምቼ ነው። ስትመጪ ሁሌ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ የአክስት ቤት ነው፣ አንድ ቀን እንኳን በደንብ ሳናወራ ትመለሻለሽ። ከጥምቀት በኋላ ያለውን ሳምንት ለኔ ስጪኝ። ደረቅ ወቅት ስለሆነ መንገዱ ጥሩ ነው፣ እስከ ሮቤ ፕሌን አለ። ወፍራም ጃኬት፣ ጓንትና የለመድሽው ጫማ ያዢ፣ አዲስ ጫማ እንዳትገዢ እግርሽን ይልጥሻል። ልጆቹንም ማምጣት ትችያለሽ፣ ብቻ ሳነቴ ላይ ራስ ምታት ስለሚይዝ የመጀመሪያውን ቀን ታች ጫካው ውስጥ እንውላለን። ቀኑን ቶሎ በዋትስአፕ ንገሪኝ፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው ሳይያዙብን ቡክ ላድርግ።

እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው ሰናይት