ስለ ቆየው የመርከብ ሽርሽር ለደንበኞቻችን

ደሴ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? በኮሮና በሽታ ምክንያት ስለቆመው የመርከብ ሽርሽራችሁ የምንጽፈው ይህ ደብዳቤ ከመስከረም በፊት ሊደርሳችሁ ይገባ ነበር። መልካም ወሬ እንይዝ እንደሆነ ብለን ዛሬ ነገ ስንል ቆየን፤ ወሬውም አልመጣም። ይቅርታ አድርጉልን።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ወዳለው ቢሯችን አንድ አባት ብቅ አሉ። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው ከጣሊያን የሚነሳ የሰባት ሌሊት የመርከብ ሽርሽር ካስያዙላቸው ደንበኞቻችን አንዱ ናቸው። «ሐይቅ ላይ ጀልባው ሰው እያንሸራሸረ አይደለም እንዴ? የኔው መርከብ ምን ነክቶት ቆመ?» አሉን። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም እንጻፈው፤ ከሐይቁ ጀልባ ሲሰለቻችሁ ትወርዳላችሁ፤ ከመርከብ ለመውረድ ግን የወደቡ አገር መፍቀድ አለበት።

ዌስተርዳም የተባለችው መርከብ ጥር 23 ቀን 2012 ከሆንግ ኮንግ ስትነሳ 1,455 መንገደኞችና 802 ሠራተኞች ነበሩባት። በበሽታው መያዙ የተረጋገጠ ሰው አልነበረባትም። እንዲያም ሆኖ ጃፓን፣ ታይዋን፣ ፊሊፒንስ፣ ጉዋምና ታይላንድ በየተራ አንቀበልም አሏት። በመጨረሻ የካቲት 5 ቀን የተቀበለቻት ካምቦዲያ ናት። መሸብኝ ያለን እንግዳ ደጅ አቁሞ መመለስ በወሎ ነውር ነው፤ ወደብ ግን የእግዜር እንግዳ የሚባል ነገር አያውቅም።

ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ ደግሞ የጃፓን ወደብ ዮኮሃማ ደርሳም አልበጃትም። 3,711 ሰው እንደያዘች ወሸባ ገባች፤ መንገደኛው መስኮት ባለውም በሌለውም ክፍል ተዘግቶበት ሰነበተ፤ ምግብ የሚያድሉት ሠራተኞች ግን ሌሊት እየተዳበሉ ይተኙ ነበር። በበሽታው የተያዙት ከ700 በላይ ሆኑ። አሜሪካም እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ማግስት፣ መጋቢት 5 ቀን፣ የሽርሽር መርከቦች ከወደቦቿ እንዳይነሱ አገደች፤ እገዳው እስካሁን አልተነሳም።

«ጣሊያን ግን ጀምራለች ሲሉ ሰማን» ያላችሁን አላችሁ። እውነት ነው። ኤም ኤስ ሲ ግራንዲዮሳ የተባለችው መርከብ ነሐሴ 10 ቀን ከጄኖዋ ተነስታለች። ነገር ግን የተሳፈሩት የሸንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረትም በሰኔ መጨረሻ በሩን ሊከፍትላቸው በዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ መርከቡ ነገ ቢነሳ እንኳ እናንተ ከቦሌ አታልፉም። ቢፈቀድላችሁስ? እዚያ መርከብ ላይ ወደብ ስትደርሱ የምትወርዱት መርከቡ ካዘጋጀው ቡድን ጋር ብቻ ነው። ኔፕልስ ላይ ከቡድኑ ተነጥሎ የሄደ አንድ ቤተሰብ ተመልሶ እንዳይሳፈር ተደርጓል። የኛን እናቶች እናውቃቸዋለን፤ የጎረቤት ልጅ እዚህ ከተማ አለች ከተባለ ሳይጠይቋት አይመለሱም!

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳችሁም ይኸው መሆኑን እናውቃለን። የመርከቡን ዋጋ ልጆቻችሁ በቀጥታ ለኩባንያው ስለከፈሉ ተመላሹን መጠየቅ ያለባቸው ራሳቸው ናቸው። ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ሁለት ምርጫ ያቀርባሉ፤ አንዱ ጥሬ ገንዘቡን መመለስ ነው፤ ሌላው ከተከፈለው በላይ፣ አንዳንዶቹ ዘንድ እስከ 125 በመቶ የሚደርስ፣ ለወደፊት ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ሒሳብ መያዝ ነው። ሁለተኛው ሲያዩት ያጓጓል። የኛ ምክር ግን ጥሬውን ውሰዱ ነው። መርከቦቹ ከቆሙ ወራት አልፈዋል፤ ገቢ የሌለው ኩባንያ ነገ ምን እንደሚሆን ማን ዋስ ይሆናል? ደግሞም ሒሳቡ የጊዜ ገደብ አለው፤ ለሰባ ዓመት አዛውንት «በሚቀጥለው ዓመት» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ለእኛ በብር የከፈላችሁትን የአገልግሎት ክፍያ ሙሉውን እንመልሳለን። ለኤምባሲ የተከፈለው የቪዛ ገንዘብ ግን አይመለስም፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ በእጃችን አይደለም። የካቲት ላይ «ሁለት ወር ነው፣ ያልፋል» ብለን እንድትቆዩ የመከርናችሁም እኛው ነን፤ በዚያ ምክር ቪዛ ያስመታችሁ አራት ደንበኞች ስላላችሁ የወጪውን ግማሽ እንሸፍናለን። ከዚህ በላይ አቅማችን አይፈቅድም። ዓምና ሐጅም እዚያው ሳዑዲ ላሉት ጥቂት ሰዎች ብቻ ሆኖ አልፏል፤ ቢሯችን ያለ ሥራ ነው የከረመው።

እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ወደ ሐይቅ በመኪና እንወስዳችኋለን፤ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጀልባው ላይ የአቅሙን ግማሽ ሰው ብቻ እናሳፍራለን፤ ማስክ ግዴታ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ወንዶች ገብተው ይሳለማሉ፤ ለሴቶች ስለማይፈቀድ እናቶች ዳር ላይ ቡና ይፈላላቸዋል። መርከቡን ይተካል አንልም፤ የመዋኛ ገንዳም የለውም።

ገንዘቡን ለመውሰድ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ኑ። ደረሰኝ የጠፋባችሁም አብሽሩ፣ መዝገባችን ላይ አለ።

ለጠየቁን አባት፦ ለፊታችን ቅዳሜ ጀልባው ላይ ቦታ ይዘንልዎታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ቢሮው ባልደረቦች