የዕፅዋት ክበብ፦ ጥቁር እንጨትን ፍለጋ

የዕፅዋት ክበባችን በ2017 ዓ.ም. ብዙ ሠርቷል። ስለ ግቢ ማስዋቡና ስለ ችግኝ ተከላው በሌላ ገጽ ስለተጻፈ አልደግመውም። ይህን ገጽ የምሰጠው ለአንድ ዛፍ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ለሚባለው ጥቁር እንጨት።

በቦንጋ ዙሪያ ስሙን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። «እስቲ ዛፉን አሳዩን» ሲባል ግን አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይጠቁማል። ትልልቆቹ ለጣውላ እየተቆረጡ ስለሳሱ፣ ልጆቹ የሚያውቁት ከዛፉ ይልቅ ስሙን ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቅርፊቱ በአውሮፓ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚውል፣ በካሜሩንና በማዳጋስካር ብዙ ዛፍ እየተላጠ ደርቋል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይትስ (ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ አባሪ ሥር ቁጥጥር ይደረግበታል።

ሥራችንን የጀመርነው ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው በሚጠበቁበት ክልልነት) በመዘገበው የካፋ ደን ነው። አንድ የደን ጠባቂ መሩን። ወደ አንድ ግዙፍ ዛፍ ወስደውን «ይኸው» አሉ። ከልጆቹ አንዷ «ጋሼ፣ በምን አወቁት?» ብላ ጠየቀች። «በገጀራ ጫር ሳደርገው ጠረኑ ይነግረኛል፣ ልጄ» ብለው ወደ ወገባቸው እጃቸውን ሰደዱ። ልጆቹ ባንድ ድምፅ ከለከሏቸው፤ የክበቡ ሕግ ቅርፊት መንካትን ይከለክላላ! ጋሼም ስቀው ተዉት።

እውነተኛው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅርፊቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወደ ሻካራ አራት ማዕዘን ቅርፎች ተሰነጣጥቋል፤ ይህ ከዕፅዋት መለያ መጽሐፉ መግለጫ ጋር ይገጥማል። ቅጠሉ ግን ከራሳችን በላይ እጅግ ሩቅ ነው። እግራችን ሥር የወደቀው ቅጠል ደግሞ ነፋስ ከየዛፉ ያመጣው ስለሆነ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች ከላይ ያለውን በባይኖኩላር እያዩ፣ ሌሎቹ ከነቅጠሉ ተገንጥሎ የወደቀ ቅርንጫፍ ፈለጉ። ተገኘ። ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ላይ ተራ በተራ የበቀሉ ናቸው፤ ፊታቸው ያብረቀርቃል፣ ጠርዛቸው ደብዘዝ ያሉ ጥርሶች አሉት፣ ዘንጋቸው ቀላ ያለ ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ ቅጠሉ ከዘንጉ በሚገናኝበት ቦታ ሁለት ጥቃቅን እጢዎች ይታያሉ። አንዱን ቅጠል አሽተን ስናሸተው የኮክ ፍሬ ሲሰበር ከውስጡ የሚወጣውን ጠረን ሰጠን። ሊገርም አይገባም፤ ኮክም የዚሁ የፕሩነስ ወገን ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዘንጉ ቀላ ማለቱ ብቻ ብዙ ሰው ስለሚያታልል ነው። ኢሌክስ ሚቲስና አፖዳይተስ ዲሚዲያታ የሚባሉት ዛፎችም ቀላ ያለ የቅጠል ዘንግ አላቸው፤ ሁለቱም በዚሁ ደን ይበቅላሉ። ግን የኮክ ጠረኑ የላቸውም፤ የአፖዳይተስ ቅጠል ጠርዝም ጥርስ የለውም። ከዛፉ ሥር በቅለው ያገኘናቸውን ችግኞች ልጆቹ «የእሱ ልጆች» ብለው በደስታ መዝግበዋቸው ነበር። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ቅጠሉን አሽቶ «ምንም አይሸትም» አለ። መዝገቡ ተሰረዘ። በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ስረዛ ነው። እዚያው ዛፍ ሥር በኋላ ፍሬ ለቀምን፤ ስፋቱ ከቁመቱ የሚበልጥ፣ መሐሉ ላይ ሰርጎድ ብሎ ሁለት የተጣበቁ የሚመስል፣ ጥቁር ቀይ ፍሬ። ፍሬው ክርክሩን ዘጋው።

ናሙና ማድረቁ አስቸግሮናል። በዚህ ዝናብ በጋዜጣ መሐል የተጫነ ቅጠል ጋዜጣው በየቀኑ ካልተቀየረ ይሻግታል፤ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ሲጠፋ የተበላሸ ናሙናም አለ። ደግሞ ቅጠሉ ሲደርቅ ጠረኑም ቀለሙም ይጠፋል። ስለዚህ የቅርፊቱን መልክ፣ የዘንጉን ቀለም፣ ጠረኑን፣ ቦታውንና የቦታውን ከፍታ እዚያው ደን ውስጥ ጽፎ ያልመጣ ተማሪ ናሙናው አይያዝለትም። አንዳንዶች አኩርፈዋል፤ ይለምዱታል።

ፍሬው ትኩስ ሳለ ካልተዘራ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ወፎችና ጦጣዎች ካስተረፉልን ውስጥ ሥጋውን አጥበን ወዲያው በፕላስቲክ ከረጢት ዘራነው። ከበቀሉት አብዛኞቹ ደህና ናቸው።

በ2018 ዓ.ም. ዛፉ ሲያብብ ነጫጭ አበቦቹን ይዘን ሙሉ ናሙና ለማዘጋጀትና አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባርየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ለመላክ አቅደናል። ለዚህም አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶንና የጫማ ገመድ የሚለግሰን ወላጅ ካለ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ እንቀበላለን። መመዝገብ የሚፈልጉ ተማሪዎች በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ይምጡ፤ እርሳስ ይያዙ፣ እስክርቢቶ በዝናብ ይለቅቃል።