ስለ ሴባስቶፖል ሲጻፍ ጋፋት አይረሳ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሚያዝያ በገባ ቁጥር የዐፄ ቴዎድሮስ ቀን ሲታሰብ፣ ጋዜጣችሁን ጨምሮ በብዙ ቦታ ስለ ትልቁ መድፋቸው ስለ ሴባስቶፖል ይጻፋል። ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል። መድፉ ስንት ኪሎ ሜትር ይተኩስ ነበር? አንዱ የጠራውን ቁጥር ሌላው እጥፍ ያደርገዋል። እኔ ደብረ ታቦር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። በዚህ ፉክክር መሀል ዋናው ታሪክ እየተዋጠ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሴባስቶፖል ሞርታር ነው። አፉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር። ሞርታር አረሩን ወደ ሰማይ ወርውሮ ከግንብ ወይም ከኮረብታ ጀርባ በተጠለለ ጠላት ላይ ከላይ የሚጥል መሣሪያ ነው። ርቀቱን የሚወስኑት የባሩዱ መጠንና ጥራት፣ የአረሩ ክብደትና የአፉ ማዕዘን ናቸው። ክፍል ውስጥ የአየሩን ግጭት ትተን እናሰላዋለን። በ45 ዲግሪ፣ በሴኮንድ 100 ሜትር ፍጥነት የወጣ አረር 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ 4 ኪሎ ሜትር ይገባል። የአየሩ ግጭት ሲታሰብ ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ያኔ የነበረው ጥቁር ባሩድ እርጥበት ከነካው ኃይሉ ይወርዳል። ያው መድፍ፣ ያው አረር፣ ዛሬና ነገ የተለያየ ቦታ ይጥላል። ስለዚህ ባሩዱንና ማዕዘኑን ሳይናገሩ ኪሎ ሜትር መጥራት ከንቱ ነው።

ይልቅ መድፉ ከየት መጣ? ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ገና ሳይነግሡ፣ በ1840 ዓ.ም በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ የግብጽን ጦር ገጥመው ተሸንፈዋል። ያሸነፋቸው መድፍና የሠለጠነ እግረኛ ነው። ያን ሽንፈት ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። ከነገሡ በኋላ በ1858 ዓ.ም ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያና መሣሪያ ጠየቁ። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ። ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ካልተፈቱ አትሄዱም ተባሉና እዚያው ቀሩ።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው የንጉሡ መድፍ ማቅለጫ መንደር ጋፋት ግን ሥራ ላይ ነበረች። ለወንጌል የመጡት ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ጓደኞቻቸው መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው አልነበረም። አናውቅበትም ቢሉም ንጉሡ አልለቀቋቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ምድጃው ሙቀቱን አልቻለም። ነሐስ ማቅለጥ እንዲህ በቀላሉ የሚሆን ነገር አይደለም። የጭቃው ቅርጽ ውስጥ ትንሽ እርጥበት ከቀረ፣ የቀለጠው ነሐስ ሲፈስበት ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ወይ እዚያው ይፈነዳል፣ ወይ በመድፉ ሆድ ውስጥ ባዶ ቀዳዳ ይተዋል። ያ ቀዳዳ ከውጭ አይታይም። የሚታወቀው በተኩስ ቀን ነው። እነዚህ ሰዎችና ስማቸው ያልተጻፈላቸው ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ግን ከክሽፈቱ ተምረው፣ ምድጃውን አሻሽለው፣ በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሞርታር አወጡ። ስሙም በክራይሚያ ጦርነት ከታወቀችው የሴባስቶፖል ከተማ የተወሰደ ነው። ለእኔ ከማንኛውም ኪሎ ሜትር ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ቀጥሎ ጉዞው አለ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። መንገድ ስላልነበረ እየተሠራ ነበር የሚኬደው። ድንጋይ እየተፈለፈለ፣ ገደል እየተደለደለ። ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሱ ነበር። መድፉ በጋሪ ላይ ሆኖ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትተዋል። ዳገቱ አድካሚ ነው፣ ቁልቁለቱ ግን ይብሳል። 7 ቶን ነሐስ ቁልቁል መንደርደር ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ከፊት ከሚስበው ይልቅ ከኋላ የሚይዘው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ደላንታን አቋርጦ የበሽሎን ገደል መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አገሩን ያየ ያውቀዋል። እስረኞቹን ለማስለቀቅ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም በኋላ የበሽሎን ወንዝ የተሻገረው ቴዎድሮስ ባስጠረጉት መንገድ ነው። እንግሊዞቹ ለከባድ መሣሪያዎቻቸው 44 ዝሆን ከሕንድ አምጥተው ነበር። የእኛው የተጓዘው በሰው ትከሻ ነው።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ መድፎቹ ከፋላ አምባ ላይ ወደ አሮጌ ሜዳ ተተኮሱ። አብዛኛው አረር በጠላት ራስ ላይ አልፎ ሄደ። ከትልልቆቹ አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። የንጉሡ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬም ያን ቀን ወደቁ። ከከፍታ ላይ ቁልቁል ማነጣጠር፣ ባሩድ መመጠን፣ ርቀት መገመት የዓመታት ልምምድ ይፈልጋል። ያን የሚያውቅ ተኳሽ አልነበረም። ይህን መናገር ቴዎድሮስን ማሳነስ አይመስለኝም። እንዲያውም የጎደለው ምን እንደነበር በትክክል ያሳያል። መድፍ ማቅለጥ ተችሎ ነበር። ጊዜ ያላገኘው የተኳሾቹ ትምህርት ነው። ሚያዝያ 6 ደግሞ ሁሉም አለቀ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል ምስል ነው። ዋናው መድፍ መቅደላ ነው ያለው። ይህን ብዙ ወጣት አያውቅም። ጋዜጣችሁ ይህን ልዩነት በየዓመቱ ቢያስታውስ ትልቅ ውለታ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የብረታ ብረት መምህራንም መቅደላ ወጥተው የነሐሱን ውህደት ቢመረምሩ፣ የአፉን ስፋትና የግድግዳውን ውፍረት ለክተው ለሕዝብ ቢያወጡ፣ ስለ ተኩሱም ቢሆን ያኔ በመረጃ እንነጋገራለን። መድፉ ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለልበት ነገርም ሊታሰብበት ይገባል።

ጋፋትን በተመለከተ ደግሞ ቦታው ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው ያለው። በሚቀጥለው ሚያዝያ ስለ መቅደላ ስትጽፉ አንድ ዘጋቢ ወደዚህም ላኩ። አገሬው እንግዳ ይወዳል፣ መንገድ የሚያሳይ ሰውም አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ታቦር