የማይስቀው ሰውዬ

ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና?

ባለፈው ፋሲካ «አለህ ወይስ ተቀብረሃል?» ብለህ የላክልኝን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ደጋግሜ ነው የሰማሁት። ሳቅህ ያው ነው፣ አልተቀየረም። ስልኩን አነሣና «ነገ ረጋ ብዬ እመልስለታለሁ» እላለሁ። ነገ ነገ እያልኩ፣ ከጠፋሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብትቀየመኝ አልፈርድብህም።

አለሁ። የጠፋሁት አባቴን፣ አባባን፣ ስትሮክ መትቶት ነው። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ጠዋት ሻይ እየጠጣ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ተመስገን፣ ተርፏል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን እሺ አላሉትም። አንደበቱም ታሰረ። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ሰው ይለያል። ከአፉ የሚወጣው ግን «እ» እና «አይ» ብቻ ነው። እነሱም ይምታቱበታል፤ «እ» ሲል «አይ» ማለቱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አባባን ታውቀዋለህ። በጨዋታው ሰፈራችንን ከዚራን ሙሉ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው። ለዚህ ነው ሥራዬን ትቼ ድሬ የገባሁት።

የምጽፍልህ ግን ስለ በሽታ አይደለም። ስለ ፊልም ነው። እንዳትስቅ።

መጀመሪያ ሰሞን ቴሌቪዥን እንከፍትለት ነበር። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲያወራ ይደክመዋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ማታ የማደርገው ባጣ ቻርሊ ቻፕሊንን ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩለት። ያው ቪዲዮ ቤት ተጋፍተን ስናየው የነበረውን። ፈገግ አለ። ያ ሲያልቅ ዩቲዩብ ራሱ ሌላ ፊልም አስከተለ። ጠፍጣፋ ባርኔጣ ያደረገ አጭር ሰውዬ። ፊቱ የተቆጣ አይደለም፣ ያዘነም አይደለም፣ ዝም ያለ ፊት። አባባ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ድምፅ ያለው ሳቅ። እማማ ከጓዳ እየሮጠች መጣች፣ የሆነ ነገር የሆነ መስሏት።

ሰውዬው ባስተር ኪተን ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያላየነው ፊልሙ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አሁን ባለሙያ ነኝ፣ ስማኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ አንተም በዚያው ለምደሃል።)

በ1895 ካንሳስ ውስጥ ፒኳ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው የተወለደው። አባትና እናቱ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መድረክ ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ መድረክ ላይ ወጣ። የእሱ ድርሻ መወርወር ነው። አባቱ አንሥቶ ወደ መጋረጃው ይወረውረዋል፣ አንዳንዴም ወደ ተመልካቹ። ለመያዣ እንዲመች ልብሱ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶለት ነበር። ይህን ለእማማ ስነግራት ተቆጣች። «እናቱ የት ሄዳ ነው?» አለች። እናቱማ እዚያው መድረኩ ላይ ሳክስፎን ትነፋለች።

ልጁ እዚያ አንድ ነገር ገባው። ወድቆ ተነሥቶ ሲስቅ ሕዝቡ ዝም ይላል። ምንም እንዳልሆነ ሰው ፊቱን ኮስተር ሲያደርግ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ያን ፊት ይዞ አደገ፣ ያን ፊት ይዞ ፊልም ገባ። ቻፕሊን ያስለቅስሃል፣ ዓይን ዓይንህን እያየ እዘኑልኝ ይላል። አልጠላሁትም። ኪተን ግን ምንም አይለምንህም። ቤት ይወድቅበታል፣ አቧራውን ያራግፍና መንገዱን ይቀጥላል። አባባ የወደደው ይህን ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ከንፈር እየመጠጠ የሚጠይቀው ሰው በዝቶበት ነበር።

ወደ ዋናው ልምጣ። «ዘ ጄኔራል»፣ 1926። ጄኔራል ሰው አይደለም፣ ሎኮሞቲቭ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862፣ የሰሜኑ ሰላዮች ጆርጂያ ውስጥ አንድ ባቡር ሰርቀው ጠፍተው ነበር። እውነተኛ ታሪክ ነው። ኪተን የባቡሩ ነጂ ሆኖ ብቻውን ያሳድዳቸዋል። መጀመሪያ በእግሩ፣ ቀጥሎ በእጅ በሚገፋ ጋሪ፣ ቀጥሎ በብስክሌት፣ ከዚያ በሌላ ባቡር።

እንግዲህ አስበው፣ ዕድሜውን ሙሉ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የሠራ ሰው አጠገቤ ተጋድሟል። አባባ ሥራ ሲገባ በናፍጣ የሚሄደው ባቡር መጥቶ ነበር። በእንፋሎት ዘመን የሠሩትን ሽማግሌዎች ግን ደርሶባቸዋል፣ ሙያ የተማረው ከእነሱ ነው። ባቡሩ ገና ብቅ ሲል ትራሱን ከፍ እንዳደርግለት በግራ እጁ አመለከተኝ።

አንድ ቦታ አለ። ኪተን ለጦር ሠራዊቱ አትሆንም ተብሎ ይባረራል። እጮኛው ፈሪ ነህ ብላ ፊት ነሥታዋለች። ሄዶ የሎኮሞቲቩን ጎማዎች አንድ ላይ የሚያሽከረክረው ረጅም ብረት ላይ ቁጭ ይላል። ተክዟል። ባቡሩ ቀስ ብሎ መሄድ ይጀምራል። ብረቱ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ወደ ታች ያወርደዋል። እሱ አላወቀም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከወጣና ከወረደ በኋላ፣ ልክ ባቡሩ መጋዘኑ ውስጥ ሊገባ ሲል ብቻ ይነቃል።

እኔ ሳቅሁ። አባባ ግን «አይ! አይ!» አለ። ዓይኑ ፈጠጠ። ግራ እጁን አንሥቶ ጣቱን በፍጥነት ማሽከርከር ጀመረ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ባዶውን። ከዚያ እጁን ወዲያ ወረወረ። አልገባኝም። ደገመው። የቆመ ባቡር ሲነሣ እንፋሎቱ ትንሽ ከበዛ ጎማው ሐዲዱን ሳይቆነጥጥ ባዶውን ይፈተለካል ማለቱ ነበር። እዚያ ብረት ላይ የተቀመጠ ሰው አለቀለት። በኋላ ሳነብ፣ የፊልሙ ባቡር ነጂ የፈራው ይህንኑ ነው። እንፋሎቱ ካመለጠኝ ትሞታለህ ብሎታል። ኪተን ግን ተቀመጠ። አባባ ይህን ሁሉ ያለ አንድ ቃል ነገረኝ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌላም አለ። ጠላት ከሐዲዱ ላይ ግንድ እየጣለበት ይሄዳል። ኪተን ባቡሩ እየሄደ ፊት ለፊቱ ላይ ተቀምጦ አንድ ግንድ አቅፏል። ከፊቱ ሌላ ግንድ ሐዲዱ ላይ ተጋድሟል። ያቀፈውን አንሥቶ የተጋደመውን ጫፉን ይመታዋል፤ ሁለቱም ተፈናጥረው ይወጣሉ። አለቀ። አምስት ሰከንድ ያህል ናት። ቢስት ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል። አባባ አልጋውን በቡጢ ደበደበ፣ ድገመው ነው። ስንት ጊዜ እንዳየናት እኔ እንጃ።

ፊልሙን ያለ ነቀፋ አልወደድኩትም። ጀግናው ለደቡቡ ነው የሚሰለፈው። ባርነትን ለማቆየት የተዋጋውን ወገን እያጨበጨብክ ስታይ ይቆጠቁጥሃል፣ ባርነት የሚባል ነገርም ፊልሙ ውስጥ አይነሣም። ኪተን ሲጠየቅ፣ ተመልካቹ ደቡቡን ክፉ አድርገህ ብታሳየው አይቀበልህም ይል ነበር። ለጊዜው ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። «ሰቨን ቻንስስ» በሚባለው ፊልሙ ውስጥ ደግሞ ጥላሸት ተቀብቶ ጥቁር የሆነ ነጭ አለ። እሱን ስታይ ፊትህን ዘወር ታደርጋለህ። መጨረሻው ላይ ከተራራ ድንጋይ ሲያሳድደው ግን ወገብህን ይዘህ ነው የምትስቀው።

አሁን አንተን የሚመለከተው መጣ። «ዘ ጄኔራል» የተቀረጸው የት እንደሆነ ታውቃለህ? ኦሪገን ነው። ኮቴጅ ግሮቭ፣ ከፖርትላንድ ወደ ደቡብ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። አንተ ስንት ዓመት እዚያ ኖረህ አልነገርከኝም!

ጁላይ 23፣ 1926። ራው የሚባል ወንዝ ላይ የእንጨት ድልድይ ሠሩ። እውነተኛ ድልድይ፣ እውነተኛ ሎኮሞቲቭ። ድልድዩን አቃጠሉትና ባቡሩን ላኩበት። የከተማው ሰው ሥራ ዘግቶ ሊያይ ወጣ። ድልድዩ መሐሉ ላይ ተሰበረ፣ ባቡሩ ከነጭሱ ወንዙ ውስጥ ገባ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነው፣ ድገሙልኝ አይባልም። ያቺ ቅጽበት ብቻዋን 42,000 ዶላር ፈጀች ይባላል። ለጦርነቱ ትዕይንት ደግሞ ኪተን 500 የኦሪገን ብሔራዊ ዘብ ወታደሮች አመጣ። ሰማያዊ አልብሶ በአንድ በኩል ያስሮጣቸዋል፣ ግራጫ አልብሶ በሌላ በኩል። ራሳቸውን በራሳቸው አዋጋቸው። የባቡሩ ፍንጣሪ ጫካውን ሲያቃጥል እሳቱን ያጠፉትም እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፊልሙ ከሰረ። በጊዜው ስለ ፊልም ይጽፉ ከነበሩት ብዙዎቹ አልሳቁም።

ስለ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ልንገርህ። «ዋን ዊክ»፣ 1920፣ ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው፣ ዛሬውኑ እየው። ድሬ ላይ ቤት አሠራለሁ ስትል ነበር አይደል? ሳትጀምር እየው። አዲስ ተጋቢዎች በሳጥን የመጣ ቤት ራሳቸው ይገጣጥማሉ። ሳጥኖቹ ላይ ቁጥር አለ። ልጅቷን ያጣው ሰው ቁጥሮቹን ይቀያይርባቸዋል። የሚወጣው ቤት በሩ ፎቅ ላይ የተሰቀለ፣ ጣሪያው የጠበበ ጉድ ነው። ነፋስ ሲመጣ እንደ እሽክርክሪት ይዞራል፣ እውነት ነው የሚዞረው። በኋላ ደግሞ ቦታው የእናንተ አይደለም ይባላሉ። ሲጎትቱት ሐዲድ ላይ ይቆምባቸዋል። ባቡር መጣ! ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በአጠገቡ ባለው ሐዲድ አለፈ። እፎይ ሲሉ ሌላኛው ከወዲያ በኩል መጥቶ ድምጥማጡን አጠፋው። ኪተን ፍርስራሹ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ጽሑፍ ሰካ፣ የአሠራሩን መመሪያም አያይዞ። የሚስቱን እጅ ይዞ ሄደ። እማማ ሁሉንም ፊልሞች ቆማ ነው የምታየው፣ ይህን ግን ቁጭ ብላ አየችው።

«ሼርሎክ ጁኒየር»፣ 1924። የሲኒማ ቤት ማሽን አሽከርካሪ ነው። እንቅልፍ ይወስደዋልና በሕልሙ ተነሥቶ ሸራው ውስጥ ይገባል። ፊልሙ ከሥሩ ይቀያየርበታል። ሊቀመጥ ሲል ወንበሩ የለም፣ መንገድ ላይ ነው። ሲራመድ ገደል። ባሕር ውስጥ ዘልሎ ሲገባ በረዶ ላይ ይተከላል። ለዚህ የመሬት ቀያሾች መሣሪያ ተጠቅመው የቆመበትን ቦታ በትክክል ይለኩ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራው ነገር ነው። እዚያው ፊልም ላይ ከፉርጎ ጣሪያ ሮጦ የባቡር ውኃ መሙያውን ማማ ገመድ ይይዛል። ውኃው ሲለቀቅ ሐዲዱ ላይ ይፈጠፍጠዋል። ተነሥቶ ሲሮጥ ታየዋለህ። አንገቱ ተሰብሮ ነው የሚሮጠው። ከዓመታት በኋላ ሐኪም በራጅ አይቶ እስኪነግረው ድረስ እሱ ራሱ አላወቀም።

የግድግዳዋን መቼም ሳታያት አልቀረህም፣ ቲክቶክ ላይ ትዞራለች። «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር»፣ 1928። ማዕበል ነው፣ ሰውዬው ደንግጦ ቆሟል። የቤቱ ግንባር ሙሉ በሙሉ በላዩ ይወድቅበታል። ክፍት የነበረችው መስኮት በላዩ አልፋ ታተርፈዋለች። ግድግዳው ሁለት ቶን ይመዝናል ይላሉ። በትከሻው ዙሪያ የቀረው ክፍተት በጣት የሚለካ ነው። ይህን በሠራበት ወቅት የራሱ ስቱዲዮ ሊዘጋ እንደሆነ ተነግሮት ነበር። በ1928 ኤምጂኤም ወደሚባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ ገባ። እዚያ የሠራው የመጀመሪያው፣ «ዘ ካሜራማን»፣ ገና ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ተዋቸው። ጽሑፉን ሌላ ሰው ይጽፋል፣ እሱ የታዘዘውን ይናገራል። መጠጥ ገባበት፣ ትዳሩም ፈረሰ። ኤምጂኤም መግባቴ ከስሕተቶቼ ሁሉ የከፋው ነው ይል ነበር። ደግነቱ ሳይሞት ክብሩ ተመለሰለት። በ1965 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በዓመቱ ሞተ፣ 1966።

አባባ ግን አንድ ነገር ከንክኖታል። ድልድዩ በተሰበረ ቁጥር ወደ ሎኮሞቲቩ ይጠቁማል፣ ከዚያ እጁን ከታች ወደ ላይ ያነሣል። አወጡት ወይ ነው። ፈልጌ አነበብኩለት። እዚያው ወንዙ ውስጥ ዝጎ ዓመታት ቆየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረቱ ሲባል ጎትተው አወጡት። አባባ ፊቱን አኮሳተረ። ሎኮሞቲቭ ቁርጥራጭ ብረት ሲሆን እሱም አይቷል፣ ድሬ ውስጥ።

እንግዲህ የማስቸግርህ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘህ ውረድ። ኮቴጅ ግሮቭ ከተማው ውስጥ የኪተን ሥዕል ያለበት ግድግዳ አለ፣ እሱን ልጆቹ ይወዱታል። ከዚያ ወደ ራው ወንዝ ሂድ። ድልድዩ የለም፣ ባቡሩም የለም። ቢሆንም ስልክህን ወደ ውኃው አድርግና ቅረጽልኝ። ስትቀርጽ ማውራት አያስፈልግም፣ አባባ ይደክመዋል።

ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ ብቻ። የድሬን ኔትወርክ ታውቀዋለህ።

እማማ ሰላም ብላሃለች።

ያው ወንድምህ
ድሬዳዋ